ምን ወሬ ይዛችሁ ነው የምትወርዱት?

ኤርታሌን የማየት ሐሳብ ደሴ ውስጥ አዲስ አይደለም። ቡና ላይ ይነሳል፣ በረካው ሳይቀዳ ይረሳል። ዘንድሮ ግን እኛ ጋ አልረሳም ብሏል። ምክንያቱ ሃይሊ ጉቢ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ልብስ እያሰጣሁ ስልኬ ጮኸ። ዱባይ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ናት። «ደህና ናችሁ ወይ? እናንተ አገር ተራራ ፈነዳ ይላሉ» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ጦሳ እንደ ወትሮው ቆሟል፣ አናቱ ላይ ትንሽ ዳመና አለ፣ ሌላ ምንም የለም። «ኧረ ሰላም ነው፣ አብሽሪ» አልኳት። ማታ ላይ ነው ወሬው ተሟልቶ የመጣው። ከኤርታሌ ብዙም የማይርቀው፣ አብዛኞቻችን ስሙን እንኳ ሰምተነው የማናውቀው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቷል። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል አልፎ ሕንድ ድረስ ዘለቀ፤ እዚያ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። አጥኚዎቹ ተራራው ከ10 ሺህ ዓመት ወዲህ ስለ መፈንዳቱ የሚታወቅ ነገር አልነበረም አሉ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። አፋር ከኛ ቁልቁል ያለ ጎረቤት ነው። ጨዋችን ከዚያ ይመጣል፣ ፍየሉ ባቲ ገበያ ይሸጣል፣ የጅቡቲው ዕቃ በዚያ አልፎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይራገፋል። የዚህን ጎረቤት እሳት የነገረችኝ ግን ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ናት።

ሩቅ አሳቢ

ዕቅዱ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። አባላቱ እኔ፣ አሮጌ ሃይሉክስ ያለው ጓደኛችን፣ ፋርማሲ የምትሠራ አብሮ አደጌና ጂኦግራፊ የሚያስተምረው የአጎቴ ልጅ ነን። እናቴ ወሬው በደረሳት ቀን «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» ብላ አለፈችው። አልተሳሳተችም፤ ከዚህ በፊት ላሊበላ ብለን ተነስተን ሐይቅ ዳር ዓሣ በልተን የተመለስን ሰዎች ነን።

መንገዱ ስልክ ላይ ሲታይ ምንም የለውም። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ። ሚሌ ላይ ከአዲስ አበባ በአዋሽ በኩል የሚመጣውን የጅቡቲ መስመር ይገናኛል። ከዚያ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ሰርዶ አካባቢ ሲደረስ ወደ ሰሜን ወደ አፍዴራ መገንጠል። ከኮምቦልቻ ሚሌ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማንም ሰው «ጠዋት ተነስቼ ምሳ ሰመራ» ቢል አይፈረድበትም።

አስተማሪያችን ግን ኪሎ ሜትር አይወድም። እሱ የሚቆጥረው ከፍታ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850፣ ባቲ 1,500፣ ሚሌ 500። የአፍዴራ ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። እኔ ደሴ አድሬ ኮምቦልቻ የምውል ሰው ስለሆንኩ ይህ ቁጥር በጆሮዬ ነው የሚገባኝ። ጠዋት ጠዋት ሐረጎ ላይ ታክሲው ጉሙን ሰንጥቆ ሲወርድ ጆሮዬ ድፍን ይላል፣ ምራቄን ስውጥ ይከፈታል። ደሴ ላይ የደረብኩትን ሹራብ ቦርከና ድልድይ ሳልደርስ አወልቃለሁ። ይህ ሁሉ ለውጥ 650 ሜትር ለማትሞላ ቁልቁለት ነው። ወደ አፍዴራ የሚወረደው ከዚህ አራት እጥፍ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ይጨምራል የሚለውን የትምህርት ቤት ስሌት ከያዝን፣ ደሴ ላይ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን አፍዴራ 37 አካባቢ ትሆናለች። ያውም በብርዱ ወራት።

ፋርማሲስቷ ሐዳር ላይ ቁሙልኝ ብላ ነበር፣ ድንቅነሽ የተገኘችበት መሬት ላይ ፎቶ ለመነሳት። አጥንቷ ከተገኘ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ታሪክ ሌላ ነው፣ እዚያ ሄደን የምናየው ግን አፈርና ድንጋይ ነው ብለን አሳመንናት። አስተማሪው ደግሞ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቆ፣ በሳምንታት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር የተከፈተበትን ቦታ ካላየሁ አለ። ሦስት የምድር ቅርፊቶች እየተላቀቁ ያሉበት አገር ነውና ለአስተማሪ ሁሉም ቦታ ማቆሚያ ነው። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ላይ ተስማማን። ሰመራ ማደር፣ አፍዴራ መዋል፣ ከዚያ መሪ ይዞ ኤርታሌ። በየቦታው የምንነሳበትና የምንደርስበት ሰዓት ተጽፎበታል። ኮራንበት።

የባቲ መውጫ ላይ

ከመሥሪያ ቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ባቲ መውጫው ላይ፣ ሹፌሮች የሚቆሙበት ቁርስ ቤት አለ። ፉሉ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ የባቲ ተወላጅ፣ ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልሱ። መኪናቸውን ከሩቅ ታውቁታላችሁ። የጭነቱ ሸራ ጠርዝ ነጭ ሆኖ ደርቋል፣ የጎኑ ላሜራ ከታች በኩል በጨው ተበልቶ እንደ ወንፊት ሆኗል። ጨው ብረት እንደማይምር በዚያ መኪና ነው የገባኝ። እሳቸው ግን ቅሬታ የላቸውም፤ «ቀስ እያለ ይበላዋል፣ እኔንም ቀስ እያለ ያበላኛል» ይላሉ።

በነገራችን ላይ የአፍዴራ ጨው የቆየ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የድሮው አሞሌ ከዚያ ወደ ሰሜን ከዳሎል በኩል በግመል የሚወጣው ነው። አፍዴራ በሰፊው የተነሳው ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ ጨው ሲቀር ነው። የሐይቁን ጨዋማ ውኃ በፓምፕ ወደ ኩሬ ይስባሉ፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሰው በአካፋ ይሰበስበዋል፣ እንደ እሳቸው ያለው ይጭነዋል።

አንድ ጠዋት ሃይሉክስ ካለው ጓደኛችን፣ ከኛው ባለ መኪና ጋር ቁርስ ላይ ተቀምጠን ወረቀቱን ዘርግተን ስናሰላ አዩን።

«የት ልትሄዱ ነው የኔ ልጅ?»

«ኤርታሌ፣ አያ። በአፍዴራ አድርገን።»

ወረቀቱን ለመኑኝ። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ በጣታቸው መስመር በመስመር እየነኩ አነበቡ። የነዳጁን ሲያዩ «ጥሩ ነው» አሉ። ውኃው ላይ ሲደርሱ «ዕጥፍ አድርጉት» አሉ። ስኮርታው አንድ መሆኑን ሲሰሙ ባለ መኪናውን ቀና ብለው አዩት፣ ምንም አላሉትም፣ እሱም ምንም አላለም። ከባቲ ወደ ሚሌ ስንወርድ በማርሽ እንጂ በፍሬን እንዳንወርድ አስጠነቀቁ፤ ቁልቁለቱ ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው፣ ሰው ፍሬኑ መጋሉን የሚያውቀው ሲሸተው ነው። ስንመለስ ደግሞ ያንኑ ዳገት ቀትር ላይ አትጀምሩት፣ ራዲያተሩ ያለቅሳል አሉ። ይህን ሁሉ እየጻፍኩ ነው። ቀጥለው ወረቀቱን አስቀመጡና፣

«ይሄ ሁሉ የመሄጃ ሰዓት ነው። የመቆሚያው የታለ?» አሉኝ።

«ምሳ ሚሌ ነው አያ፣ እዚህ ጋ…»

«ምሳ አላልኩሽም። ሰው ሲያስቆማችሁ።»

ፍተሻ መስሎኝ «ኬላ ላይ?» አልኩ።

ሳቁ። «ዳጉስ? አፋርን መንገድ ላይ አግኝተሽ ሰላም ብለሽ አታልፊም። ቁጭ ትያለሽ። ከየት መጣሽ፣ ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ ይልሻል። ትነግሪዋለሽ። ከዚያ እሱ ያየውን ይነግርሻል። መንገዱ የት እንደተቆረጠ፣ ውኃው የት እንዳለ፣ ተራራው ዛሬ ምን እንደሚል እዚያ ነው የምታውቂው። ታዲያ ስትጠየቁ፣ ምን ወሬ ይዛችሁ ነው የምትወርዱት?»

ዝም አልን። ባለ መኪናው ነገሩን ለማቅለል «የደሴ ወሬ ምን ያደርግላቸዋል አያ?» አለ።

«መጀመሪያ የሚጠይቁኝማ» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ላይ ዘንቧል ወይ ነው።»

ላይ ዘንቧል ወይ

ሌላው ምክር ሁሉ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ይቺ ጥያቄ ግን ከኔ ጋር ቀረች። ማታ ሐረጎን ስወጣ በመስኮት እያየሁ እሷኑ ነበር የማሰላስለው።

ለምን ዝናብ ይጠይቃሉ? እዚያ ሰማዩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጎርፍ ስለሚመጣ ነዋ። ቦርከና እኛው ጋ ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ በከሚሴና በጨፋ በኩል ወርዶ አዋሽ ይገባል። ሚሌ ወንዝም ከወሎ ደጋ ተነስቶ ወደዚያው ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ እዚያው አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ደሴ ላይ የዘነበው፣ እኛን ጃንጥላ ያስረሳንና ያበሰበሰን ዝናብ፣ ቁልቁል ላለው አርብቶ አደር ወይ ሣር ነው ወይ ከነፍየሎቹ የሚወስድ ጎርፍ ነው። ዝናቡ የኛ ወሬ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ቢበዛ የጭቃ ጉዳይ ነበር።

ዳጉን በተመለከተ ብዙ ተብሏል፤ ጋዜጠኞች «የአፋር ኢንተርኔት» ማለት ይወዳሉ። እኔ ይህ አባባል ያናድደኛል። ኢንተርኔቱን ሳውቀው እኮ እሑድ ዕለት የደረሰኝ የፍንዳታ ቪዲዮ ግማሹ የሌላ አገር ተራራ ነበር፤ አስተማሪያችን አንዱን አይቶ «ይሄ እኮ በረዶ አለው፣ አፋር በረዶ የት አለ?» እስኪል ድረስ ለስንቱ ልከነዋል። ዳጉ ውስጥ ያየኸውና የሰማኸው ለየብቻ ነው የሚነገረው። የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ። ውሸት የተገኘበት ሰው ቃሉ ይወድቃል፤ ቃሉ የወደቀ ሰው ደግሞ በረሃ ውስጥ ምን ይዞ ይኖራል? ከብቱን የት እንደሚነዳ የሚወስነው በሰው ቃል ነው። ስለዚህ ዳጉ ወግ ብቻ አይደለም፣ መተዳደሪያ ነው።

ደግሞም የሁለት ወገን ነገር ነው፣ ያልነገረ አይነገረውም። ሹፌሩ ያሉት ይህንን ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁት እንደ ሥነ ሥርዓት ምክር ነበር። ወረቀታችን ላይ ያለው ሁሉ የምናየው ነው። ሐይቁ፣ ጨው ኩሬው፣ ፍል ውኃው፣ እሳቱ። እኛን ግን የሚያየን ሰው ይኖራል የሚል መስመር የለውም። ያ ሰው ምን እንደሚፈልግ ማሰብ ደግሞ የደግነት ጉዳይ አይደለም፤ ተግባራዊ ጉዳይ ነው። ኤርታሌ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ የሚነግረን ስልካችን አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት የተነሱትን የእሳት ሐይቅ ፎቶዎች አይተን ነው የጓጓነው። ሐይቁ በ2009 ዓ.ም. ሞልቶ ፈሶ መልኩ ተለወጠ፣ ሐምሌ 2017 ላይ ደግሞ ተራራው እንደገና ፈነዳ፣ ከአራት ወር በኋላ ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ተከተለ። ነገ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ዛሬ ጠዋት በአጠገቡ ያለፈ ሰው ነው።

ሹፌሩን ስለ አመዱም ጠይቄያቸዋለሁ፣ በሌላ ቀን። በፍንዳታው ሰው አልሞተም መባሉን፣ ግን አፍዴራ አካባቢ መንደሮችን አመድ እንደሸፈናቸውና ለከብቱ ግጦሽ እንደጠፋ ከዜና ሰምቼ ነበር። እሳቸው ያዩትን ነገሩኝ። ፍየሎቹ ቁጥቋጦውን በአፋቸው ነካ አድርገው ሲተውት፤ አንድ እረኛ ልጅ ቅርንጫፍ በዱላ እየመታ አመዱን ሲያራግፍ፣ ፍየሎቹ ከሥሩ ቆመው ሲጠብቁት። «ይሄንን አይቻለሁ» አሉ። ስለሌላው መንደር ስጠይቃቸው «እሱን ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም» አሉኝ። ለካ ዳጉ እያስተማሩኝ ነበር።

አትሂዱ አላሉንም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ፋርማሲስቷ ነገሩን ስነግራት «ታዲያ ሰው አመድ ለብሶ እኛ ፎቶ ልንነሳ?» ብላ ልትቀር ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። መሪ የሚሆነው፣ ግመል የሚያከራየው፣ ሻይ የሚያፈላው የዚያው አገር ሰው ነው፤ እንግዳ ሲቀርበት አመዱ አይነሳለትም። ይልቅ እንዴት እንሄዳለን የሚለው ነው ወረቀቱን ያስቀደደን።

ሰኞ ወይስ ቅዳሜ

አዲሱ ወረቀት ካለፈው ያጠረ ነው። ኤርታሌ ከዕቅዱ አልወጣም፣ ግን «ከሆነ» የሚል ተጽፎበታል። ቁርጡ የሚታወቀው ሰመራ ላይ መሪ ስንይዝና አፍዴራ ላይ ሰው ስናገኝ ነው። አይቻልም ከተባልን አፍዴራ ሐይቅ ላይ እንቆማለን፤ እዚያም ቢሆን በዓለም ላይ ከባሕር ጠለል እጅግ ዝቅ ብላ ያለችው ደሴት አለች፣ ደሴ ሄዶ ለማውራት ትበቃለች። ሰዓቱም ተቀይሯል። ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት፣ ረፋድ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ውስጥ መግባት፣ ከሰዓት 10 ድረስ አለመንቀሳቀስ። መሐሉ ባዶ ነው፣ ሆን ተብሎ። ባለ መኪናው ሁለተኛ ስኮርታ ገዝቷል፣ ክሪኩንም አስጠግኗል፤ ማን እንዳስገደደው አይናገርም።

ጊዜው ጠባብ ነው። ጥምቀትን ደሴ አሳልፈን መውጣት አለብን፤ በሌላ በኩል ረመዳን የካቲት 11 አካባቢ ይገባል፣ በጾም ወቅት ሰው ቤት ሄዶ ማስቸገር አይገባም፣ ከመካከላችንም ጿሚ አለ። በዚያ መሐል ያለችው ጊዜ ናት ያለችን።

ወሬውንም እያሰባሰብን ነው፣ አትሳቁ። አስተማሪው በልግ እንዴት እንደሚጠበቅ ከሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ይከታተላል። ፋርማሲስቷ ለከብት የሚሆን መድኃኒት ኮምቦልቻ ላይ ምን እንዳለ፣ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቃ ጽፋለች። እኔ የቀረኝ የባቲ ገበያ ነው፤ ሹፌሩ እንዳሉት ወደ ታች ይዘነው ብንወርድ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው የፍየል ዋጋ ነው፣ እሱ ደግሞ በስልክ የሚጠየቅ አይደለም፣ ቆሞ ሲጨረስ ማየት ነው።

ችግሩ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ሰኞን ባቲ ውለን፣ ባቲ አድረን፣ ማክሰኞ ሌሊት መውረድ ማለት ነው፤ አስተማሪው ክፍለ ጊዜ አለበት፣ ባለ መኪናው አለቃው ፈቃድ አይሰጠውም። ሁለቱ ቅዳሜ እንነሳ ይላሉ። እኔና ፋርማሲስቷ ሰኞ ነው ብለናል። ትናንት ማታ ባለ መኪናው ግሩፑ ላይ «እሺ፣ የፍየሉን ዋጋ ሹፌሩ ይንገሩን፣ እኛ ቅዳሜ እንሂድ» ብሎ ጻፈ። «እሱማ የሰማነው ይሆናል እንጂ ያየነው አይሆንም» ብዬ መለስኩለት። አንብቦታል፣ ስልኬ ላይ ይታያል። መልስ ግን አልሰጠም።